ላላጠፋች ልጅ የተላኩ ሽማግሌዎች

ኤርጎጌ ወሬውን የሰማችው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። እሷ በሱቁ ፍርግርግ ቀዳዳ ለአንድ ደንበኛ ግማሽ ዳቦና የአሥር ራንድ ኤርታይም ታቀብላለች፤ ልጇ ፊቤ ከኋላ ክፍል ሆና ለጓደኛዋ ለሀሴት በስልክ ታወራለች። «ለዚያ ለክፍላችን ልጅማ ፋይሉን ዘጉለት!» አለች ፊቤ። «ውሻው እኮ እሱም ቦርሳ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ዳጋ ያለበት ከረሜላ ከነማሸጊያው ነው የተገኘበት። አባቱ ጠበቃ ይዞ መጣና ‹የእኔ ነው፣ እኔ ቤት ሕጋዊ ነው፣ ልጁ ተሳስቶ የእኔን ቦርሳ ነው ያነሳው› አለ። ሶሪ ተባለ፣ አለቀ። እኔ ግን ዛሬ የዲሲፕሊን ሂሪንግ፣ ችሎት እቀርባለሁ።» ኤርጎጌ የደንበኛውን መልስ በእጇ እንደያዘች ቀረች። ደንበኛው ፍርግርጉን እስኪያንኳኳ ድረስ አልሰጠችውም።

እንዲህ ያለ ፍርድ የት አለ? የልጅቷ ነገር ቢነገር ማንም ያፍራል። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ድንገት ውሻ አስገባ። ውሻው በየክፍሉ ዞሮ ዞሮ ፊቤ ቦርሳ ላይ ሲደርስ ቁጭ አለ። ቢፈትሹ ከጎን ኪሱ ስፌት ውስጥ የደረቀ የዳጋ ቅጠል ፍርፋሪ አገኙ፣ እፍ ቢሉት የሚበተን፤ እዚህ አገር ካናቢስን ዳጋ ነው የሚሉት። ከየት መጣ? እነ ኤርጎጌ ሶዌቶ ውስጥ ሱቅና ሁለት ክፍል የተከራዩበት ግቢ የሙዚ ነው። ሙዚ ግቢውን ከእናቱ የወረሰ፣ ሥራ ሲያገኝ የሚሠራ፣ ሳያገኝ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሚያጨስ ሰው ነው። ዳጋውን ቧንቧው አጠገብ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ያበቅላል። ሕጉ ፈቅዶለታል፤ አዋቂ ሰው በገዛ ግቢው አብቅሎ ማጨስ ይችላል፤ ለሰው መሸጥና ልጅ አጠገብ ማጨስ ነው የተከለከለው። ሕጉ ምን እንደሚል የገባውም ያልገባውም እኩል እያጨሰ ነው፤ የገበያ ማእከሉ ውስጥ ሳይቀር አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ሱቅ ተከፍቷል። ሙዚ ቅጠሉን የሚያደርቀው ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንጠልጥሎ ነው። ኤርጎጌ ደግሞ ቅዳሜ የፊቤን ቦርሳ አጥባ፣ ኪሱን በደንብ ይድረቅ ብላ ከፍታ፣ ያሰጣችው እዚያው ገመድ ላይ ነው። ንፋስ መጣ፣ ደመና ሆነ፣ ሮጣ ሰበሰበችው። በቃ ይኸው ነው የልጅቷ ወንጀል።

ፊቤ ፋርማሲ ልትማር ነው። ልትማር ነው ሲባል እንዲሁ የልጅ ምኞት አይደለም፤ ውጤቷ ይበቃል፣ ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን ደስ ብሎት የሚወስዳት ልጅ ናት። የቸገረው ከፋይ ነው። የስደተኛ ወረቀት ይዘው የመንግሥቱን ድጎማ ሲጠይቁ አይ ተብለዋል፤ ከሱቁ የሚገኘው ደግሞ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤቷን ክፍያ አይሸፍንም፣ የዱቄትና የዘይት ዋጋ ራሱ በየሳምንቱ እየዘለለ። የቀረው መንገድ አንድ ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ ከትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ መርጦ እስከ መጨረሻው ያስተምራል። ዘንድሮ የተመረጠችው ፊቤ ናት። ርዕሰ መምህሯ «የሥነ ሥርዓት ጥፋት የለባትም» ብላ ስሟን መላክ ብቻ ነው የሚቀራት፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ደግሞ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ፊቤ ሌሊቱን ሁሉ የምትናገረውን ስታጠና አደረች። ምስክር አላት፤ ሙዚ ራሱ እመጣለሁ ብሏል። ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ገዝታ ተመርምራለች፤ ንጹሕ ናት። እነሱም ፊታቸው ይመርምሩኝ ትላለች። ምን ይጎድላታል?

አባቷ ዱካሞ ግን የሚያውቀው ሌላ መንገድ ነው። ከሆሳዕና ተነስቶ በስንት አገር አቆራርጦ ጆበርግ እስኪገባ፣ ከገባም ወዲህ ሱቅ ሲከፍት ሲዘረፍ፣ ከሸሪክ ሲጣላ፣ ከኤርጎጌ ጋር ሲኮራረፍ፣ ነገር ሁሉ ያለቀለት በሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ማን ምን አደረገ ብሎ አይከራከርም። ገብቶ አንገቱን ይደፋል፣ «አጥፍተናል» ይላል፤ ያላጠፋም ቢሆን ይላል። የተቀየመው ሰው ትልልቅ ሰዎች ፊቱ ዝቅ ሲሉ ልቡ ይራራል፣ ይቅር ይላል፣ ነገሩም ዳግመኛ ላይነሳ ይቀበራል። በዚህ መንገድ ከመጋደል የተረፈ ስንት ሰው እንዳለ ዱካሞ ያውቃል። ታዲያ ይሄን ለልጁ ያልተጠቀመበት ለማን ሊጠቀምበት ነው? አስቀድሞ፣ ለሚስቱም ሳይነግር፣ ለሽማግሌዎቹ ደወለ።

ጠዋት መጡ። ጋሽ ምሕረቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ እዚያው ሶዌቶ ሱቅ አለው፤ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሷል። አየነው ፎርድስበርግ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍል፣ ከነጋዴዎቹ ጋር ሲከራከር እንግሊዝኛው የሰላ ሰው ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ ዲፕስሉት ያለው ሱቁ ሌሊቱን ተዘርፎበት ሳይመጣ ቀረ። ሁለቱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት ሺህ ራንድ አውጥተው ያገለገለ የገዙት፣ ለእንግዳ ካልሆነ ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ ነው። በአንድ ወገን የዱቄት ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ በሌላ ወገን ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ የፊቤ አልጋ ከመጋረጃ ወዲያ ነው፤ መጽሐፏም ልብሷም እዚያችው ላይ ነው የሚኖረው። ኤርጎጌ ለስላሳ ቀዳችላቸው። ገና ለምን እንደመጡ በወጉ ሳይገባት በሩ ተንኳኳና ሙዚ ገባ። ነጭ ሸሚዝ ተኩሶ ለብሷል፤ ጢሙንም ተላጭቷል። «ማ፣ ዝግጁ ነኝ» አላት በዙሉ። «ዳጋው የኔ ነው እላቸዋለሁ። ሕጋዊ ስለሆነ የምፈራው ነገር የለም።»

ጋሽ ምሕረቱ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ይሄ ሰውዬ ምን ይፈልጋል?» አለ በአማርኛ።

«ምስክር ነው» አለች ፊቤ።

«እንዴ! አጫሽ ይዘን ገብተን ‹ልጃችን አታጨስም› ልንል ነው? ሰው ምን ይለናል ልጄ?» ጋሽ ምሕረቱ ከልቡ ነው የገረመው። ፊቤ የሽንቱን ምርመራ ስትነግረው ደግሞ ፊቱን አዞረ። «ሽንት? ሴት ልጅ ሽንት ይዛ የሰው ቢሮ ትገባለች? በጌታ! አንቺ ዝም ብለሽ አንገትሽን ደፍተሽ ትቀመጫለሽ። የሚናገረውን እኛ እንናገራለን፤ ትልቅ ሰው የሚኖረው ለዚህ ነው።» ፊቤ እናቷን አየች። ኤርጎጌ «ጋሼ፣ ልጅቷ አላጠፋችም እኮ፤ ለምን እውነቱን አንናገርም?» አለች። «እሱን ማን ካደ?» አለ አየነው ሰዓቱን እያየ። «ግን ክርክር ከጀመርን ሴትየዋ እልህ ትገባለች። የውጭ አገር ሰው ሆነን የማን ክርክር ልናሸንፍ ነው? ዝቅ ብለን እንጨርሰዋለን።» ዱካሞም «ነገር አታብዢ» አላት። ሙዚ ቋንቋው ባይገባውም ፊታቸውን አንብቧል፤ «ሻርፕ፣ ማ»፣ እሺ እንግዲህ፣ ብሎ ወጣ። ኤርጎጌ ያን ጊዜ ጮኻ ሶፋውንም ሽማግሌውንም ብትገለብጥ ደስ ባላት። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ሲናገር ዝም ያለች ሴት ናትና ነጠላዋን ብድግ አድርጋ በአየነው ባኪ፣ በፒካፑ፣ ከኋላ ከልጇ ጋር ተቀመጠች።

መንገዱን ሙሉ ፊቤ የትምህርት ቤት ኮቷን ጉልበቷ ላይ አጥፋ ይዛለች። ሂሪንጉ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ቀደም ብለው ርዕሰ መምህሯን ብቻዋን ማነጋገር ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸውም። ፊቤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስለ እሷ የሚቆጠረው የወላጅ ቃል ነው። ርዕሰ መምህሯ መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ የደከመ የዙሉ ሴት ናት። ዱካሞ ባዶ እጄን አልገባም ብሎ ከሱቁ ያመጣውን ቸኮሌት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ሴትየዋ ካርቶኑን በሁለት ጣት ወደሱ መለሰችው። ዱካሞ ቀላ፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦ እዚያው ያዘው።

ከዚያ ጋሽ ምሕረቱ ተነሳ። ከነሙሉ ልብሱ ወለሉ ላይ ሊንበረከክ ሲል ሴትየዋ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች፤ አየነው ክንዱን ይዞ ቀና አደረገው። «ልጃችን አጥፍታለች» አለ አየነው በሰላ እንግሊዝኛው፤ ለጋሽ ምሕረቱም በአማርኛ ይደግመዋል። «ልጅ ናት፣ ልጅ ያጠፋል። እኛ አባቶች እግርዎ ሥር ወድቀናል። እንቀጣታለን፣ እንመክራታለን፣ ዳግመኛ አይለመዳትም። እንዳያባርሯት ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሏት።» ሴትየዋ እስኪጨርስ አዳመጠች። ቀጥላ ዱካሞን እያየች ጠየቀችው፤ ልጅህ ዳጋ ይዛ ትምህርት ቤት መጥታለች፣ አንተም አባቷ ይህን ታምናለህ ወይ? አየነው ተረጎመው። ዱካሞ ወደ ጋሽ ምሕረቱ ዞረ። ጋሽ ምሕረቱ በዝግታ ራሱን ነቀነቀ፤ «እሺ በላት እንጂ፤ አሁን ከካድን እንዴት ይሆናል?» አለው። ዱካሞ «የስ» አለ።

ይቺን ቃል ኤርጎጌ ታውቃታለች። አፏን ስትከፍት ዱካሞ ክንዷን ጨመቃት፤ ያማል፣ ቀስ ብሎ አልነበረም። ርዕሰ መምህሯ ስለ ሐቀኝነታችሁ አመሰግናለሁ አለች። ፊቷ በእርግጥም ረገበ። ካመናችሁ ሂሪንግ አያስፈልግም፤ ልጅቷ አትባረርም፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ መዝገቧ ላይ ይሰፍራል፣ ፈተናዋን ትፈተናለች አለች። የሁሉንም እጅ ጨበጠች። ጋሽ ምሕረቱ ላቡን እየጠረገ «አለቀ! ጌታ ይመስገን፣ አለቀ!» አለ። ዱካሞ እንባው መጣ። ደስታ ነው፤ እንደዚያ ሲደሰት ኤርጎጌ ስንት ጊዜ አይታው ታውቃለች?

ኮሪደሩ ላይ ፊቤ ብድግ አለች። ርዕሰ መምህሯ ችሎቱ መቅረቱን፣ ማስጠንቀቂያው መመዝገቡን፣ መዝገብ ያለባት ተማሪ ደግሞ ለበጎ አድራጎቱ መታጨት ስለማትችል ስሟን በሌላ ልጅ መተካቷን በለሆሳስ ነገረቻት። ፊቤ መጀመሪያ የሰማች አትመስልም ነበር። ጋሽ ምሕረቱ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ይቅር ተብለሻል ልጄ፣ አይዞሽ» አላት።

«ምን አድርጌ?» አለች ፊቤ።

ያን ጊዜ ነው ኤርጎጌ የፈነዳችው። እንግሊዝኛው አይመጣላትም፤ ዙሉውን ግን ሃያ ዓመት ፍርግርግ ላይ ቆማ ተምራዋለች። «ኢንጋኔ ያሚ አይብሄሚ!» ብላ ጮኸች፣ ልጄ አታጨስም! የሙዚን ባልዲ፣ የልብሱን ገመድ፣ ያጠበችውን ቦርሳ አንድ በአንድ ተናገረች። ምስክር ነበረን፣ ጥለነው ነው የመጣነው አለች። እነዚህ ሰዎች የዋሹት ይቅርታ ለመለመን ነው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚደረገው፣ ሳያጠፉ አጠፋን ይባላል አለች። መምህራን ከየክፍሉ ብቅ ብቅ አሉ። ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን አወለቀች። «እማማ፣ እኔ ማንን ልመን?» አለች በዙሉ፣ እንደሷው። «አባትየው ፊት ለፊት ጠይቄው አምኗል። አሁን ‹ዋሽቻለሁ፣ ልጄ አላደረገችውም› ይበለኝ፤ ጉዳዩን የሚሰማው ፓነል አልተበተነም፣ ምስክራችሁንም አስጠሩት፣ እሰማለሁ።» ይህንን ፊቤ ለአባቷ ተረጎመችለት። አንድ ቃል አልጨመረችም፤ አንድ ቃል አላጎደለችም። «አባ፣ ዋሽቻለሁ በላት» አለችው በመጨረሻ።

ሁሉም ዱካሞን አየው። ዱካሞ ጋሽ ምሕረቱን አየ። ጋሽ ምሕረቱ ወለሉን ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌ ተንበርክኮለት፣ ሽማግሌው ፊት «ውሸት ነው የተናገርነው» ማለት ለዱካሞ ሰውየውን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። እሑድ በምን ዓይኑ ያየዋል? ቸኮሌቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ከንፈሩ ተላቀቀ፣ ተመልሶም ገጠመ። ርዕሰ መምህሯ ጠበቀች፤ ደህና አድርጋ ጠበቀች፣ ይህን መካድ አይቻልም። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ወደ ቢሮዋ ገባች። ያ ጠበቃ ይዞ የመጣው አባት ለልጁ ሲል ዓይኑን ሳያሽ ዋሸ፤ የኛው ዱካሞ ለልጁ ሲል እውነቱን መናገር አቃተው።

ቤት እንደደረሱ ኤርጎጌ ሱቁን ከፈተች። ሌላ ምን ታደርጋለች? ዳቦ ሸጠች፣ ስኳር ሸጠች። አንድ ወጣት የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ሲጠይቃት እጇ መደርደሪያው ላይ ቆሞ ቀረ። ይሄኛውን ወረቀት ጋሽ ምሕረቱም ሱቁ ውስጥ ይሸጣል፤ አየነውም በጅምላ ሸጦ ያውቃል፤ ሁሉም ይሸጣል። ወረቀቱን ሲሸጡ አያፍሩም፣ በፍርፋሪው ግን የሰው ልጅ አሳልፈው ይሰጣሉ። ፊቤ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ዱካሞ እንደወጣ አልተመለሰም። አሥር ሰዓት መጣ፣ አለፈም። ኤርጎጌ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ጫማዋን ፈትታ አወለቀችላት። ፊቤ እግሯን አላንቀሳቀሰችም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ምሕረቱና አየነው ናቸው፤ ያው ልብስ፣ ያው ከረባት። ከኋላቸው ዱካሞ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ኤርጎጌ አንድ ጊዜ አይታቸው ገባት። አባትየው ከገዛ ልጁ ጋር ሊታረቅ ሽማግሌ ይዞ መጣ! ለማመን ዓይኗን ጠረገች። ገቡ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ዱካሞ የዱቄቱ ጆንያ ሥር ቆሞ ቀረ። ፊቤን ጠሯት። ጸጉሯ እንደተንጨባረረ ወጥታ መጋረጃው አጠገብ ቆመች።

ጋሽ ምሕረቱ አጭር ጸሎት አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ክፉ ቢሆንማ እንዴት በቀለለ። «ልጄ፣ አባትሽ አጥፍቷል። እኛም አጥፍተናል፣ የዚህ አገር ሰው ነገር አልገባንም። አባት ነው፣ ላንቺ ሲል ነው። ስለ እኛ ስለ ሽማግሌዎቹ ብለሽ ‹ይቅር ብያለሁ› በይውና ጉልበቱን ሳሚ። በዚሁ ይዘጋ።»

«ይቅር ካልኩት ማመልከቻዬ ይከፈታል?» አለች ፊቤ።

አየነው ወደ ፍሪጁ ዞረ። «እሱን እግዚአብሔር ያውቃል» አለ ጋሽ ምሕረቱ፤ «ለከርሞም አለ።»

«ነገ ጠዋት ሄዳችሁ ‹ዋሽተናል› ትሏታላችሁ?»

«ልጄ፣ እሱ እኮ አለፈ…»

«እንግዲያው አልልም» አለች ፊቤ።

ሽማግሌ ለምኖት «አልልም» ያለ ሰው ጋሽ ምሕረቱ በዕድሜው ገጥሞት አያውቅም፤ ምናልባት ትልልቅ ባለ ሱቆች ትንሽ ያስለምኑታል፣ ሁለት ሦስቴ ይመላለሳል እንጂ እንዲህ አይባልም። ዱካሞ ቀና ብሎ «ፊቤ» አለ። ልጅቷ አባቷን አየችው፣ ከንፈሯንም ነከሰች። ጋሽ ምሕረቱ ወደ ኤርጎጌ ዞረ። እናት ናት፣ ሴት ናት፣ ስንት ጊዜ ስለ ሽማግሌ ብላ የዋጠች ናት፤ በዚህ በኩል ጥርጥር የለውም። «ንገሪያት እንጂ ኤርጎጌ፣ ሽማግሌ ፊት እንዲህ ይባላል?»

ኤርጎጌ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ሰምታችኋታል ጋሼ» አለች። «አልልም ብላለች።»